የኦቦ አማን ክር

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ፍቃዱ ተነሥተው፣ «ወይዘሮ ወርቅነሽ እውነትን ሳትፈራ ፊት ለፊት የምትናገር ሠራተኛ ነበረች» ብለው አመሰገኑኝ። ከኋላ ተርታ የተቀመጡት ሁለት ሥጋ ነጋዴዎች፣ ታደሰና ከድር፣ እኩል ሳል ያዛቸው። ሳሉ የጉንፋን አልነበረም። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ምክንያቱም እኔ እውነት በመናገር ያበላሸሁትን ያህል በመዋሸት ያበላሸ ሰው በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ የለም። ይህን የምጽፈው ያን ምስጋና ለማረም ነው።

ሥራዬ ሥጋ መመርመር ነበር። ቄራ ውስጥ የታረደ ከብት ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ልቡና ምላሱ በእጄ ካላለፈ ማኅተም አያገኝም፤ ማኅተም ካላገኘ ሥጋ ቤት አይገባም። ቄራው ያለባትን ከተማ ስም አልጽፍም። ከአሰላ ተነሥታችሁ ሚኒባስ ውስጥ አንድ እንቅልፍ ሳትጨርሱ የምትደርሱባት፣ ገብስና ስንዴ የከበባት ከተማ ናት። የሚያውቃት ያውቃታል።

የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስመረቅ ዕጣ አርሲ ላይ ጣለኝ። ገጠር ውስጥ መርፌ የያዘ ሁሉ «ዶክተር» ስለሚባል በመጀመሪያው ሳምንት ዶክተር ሆንኩ፤ ደመወዜ ግን ይህን ሹመት ሳይሰማ ጡረታ ወጣሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ኦጎልቾ ነበር። ለአባ ሰንጋ ክትባት ከብት በተሰበሰበበት ሜዳ አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን አንገታቸው ላይ ክታብ አስሮ አመጣ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የተማርኩት ሁሉ ገና ትኩስ ነው። «ይሄ እኮ ቆዳና ቀለም ነው! አባ ሰንጋ ማንበብ አይችልም» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሜዳው በሳቅ ሞላ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ገመዱን ሰብስቦ በሬዎቹን ሳያስከትብ ወደ ቤቱ ነዳቸው። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱም እንደሞቱበት ሰማሁ። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ በአክብሮት ሰላም አለኝ፤ ያ ሰላምታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ያኔ ግን «አላልኩትም ነበር?» ነው ያልኩት። ትክክል በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሲሬ ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ ለታመመች ላሟ ጠበል ያስረጨችን ሴት፣ «መጠጫ ገንዳዋን ብታጥቢላት ይሻል ነበር» ብያት ለአንድ ወር ያህል ወተት የሚሸጥልኝ ሰው ጠፋ። እኔ ግን ይህን እንደ ሙያ ቆጠርኩት። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም እኩል ነው የማስቀይመው፣ አላዳላም እያልኩ እኮራ ነበር።

ወደ ቄራው ተዛውሬ ስመጣ የተቀበሉኝ ኦቦ አማን ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ከካፖርታቸው የማይለዩ፣ ከዚያ አካባቢ ገበሬ ቤተሰብ የወጡ አንጋፋ ሥጋ መርማሪ ነበሩ። «ኢንታላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ማለዳ ከሁሉም ቀድመው ይገቡና ቢላዋቸውን ይስላሉ። ስለቱን የሚፈትኑት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ነው፤ ቢላዋው ከጥፍሩ ላይ ከተንሸራተተ እንደገና ይስላሉ። ጉበት እንዴት እንደሚታይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ በዓይን፣ ከዚያ በመዳፍ፣ ቢላዋ መጨረሻ። የእኛ አገር ረግረግ ስለሚበዛው የጉበት ትል አይጠፋም፤ ትል ያለበት ጉበት መዳፍ ሥር ጠጠር የተቋጠረበት ጨርቅ ይመስላል። የመንጋጋውን ጡንቻ ደግሞ በስሱ ሰንጥቀው የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ከረጢት ይፈልጋሉ፤ የኮሶ ትል የሚመጣው ከእሷ ነው። ከተማው ሙሉ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ስንቱን ከኮሶ እንዳዳኑት አያውቅም። የሚወገድ ሥጋ ሲያገኙ በባለቤቱ ፊት «ቆሻሻ ነው» አይሉም፤ «ይሄ የመሬት ነው» ይሉና ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

ቄራው እንደ አገሩ ልማድ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ በኩል የክርስቲያኑ ማረጃ ነው፤ አራጁ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። በቀኝ የሙስሊሙ፤ አራጁ ከብቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ክርስቲያን በቀኝ የታረደውን አይበላም፤ ሙስሊምም በግራ የታረደውን አይበላም። መርማሪ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሁለቱም ሥጋ ተራ የሚጠብቅበት መሐል ላይ ያለው ማቆያ ክፍልም አንድ ነው። ታደሰ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚል ክርስቲያን ሥጋ ነጋዴ ነው፤ ከድር ደግሞ ከእኔ የሚያንስ ሙስሊም። ታደሰ በኦቦ አማን የሚተማመነው ሙስሊም ስለሆኑ ከቅርጫው ላይ አንዲት ቁራጭ እንደማይነኩ ስለሚያውቅ ነበር። ከድርም እኔን ሲያይ ፊቱ የሚበራው ለዚሁ ነው። «ከዶክተር የተሻለ ሰው የለም፤ ሥጋዬን አይበሉም!» ይላል።

ኦቦ አማን ከግራ ወደ ቀኝ በተሻገሩ ቁጥር ሽርጣቸውን ይቀይራሉ፣ ቢላዋ ይቀይራሉ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ያውም ሰው ሁሉ በሚያይበት ቧንቧ። ከዚያ ባለቤታቸው ከሽመና ትርፍ ያጠራቀሙላቸውን ክር ከኪሳቸው ያወጣሉ። የክርስቲያኑ ሥጋ ከሆነ ቀይ ክር፣ የሙስሊሙ ከሆነ አረንጓዴ ክር በኋላ እግሩ ጅማት ላይ ያስራሉ። ደንቡ ላይ ክር የሚል ቃል የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

«ኦቦ አማን፣ በሽታ ለመከላከል ካልሆነ ይሄ ሁሉ መታጠብ ለምንድን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሰው እያየኝ ነው።»

«ታዲያ ቲያትር ነዋ!»

«ቲያትር ነው» አሉና ሳቁ። ስለ ሃይማኖት የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ደግሞ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ጉበት ነው የማየው።» ይህ መልስ ያናድደኝ ነበር። የፈሪ መልስ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ታደሰና ከድር የማን ሥጋ ይጣፍጣል ብለው ሲከራከሩ እኔ ላይ ጣሉት። «ዶክተር ትፍረድ!» ተባለ። ፈረድኩ። «ሁለቱም አንድ ሥጋ ነው። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ጸሎት አይታይም» አልኩ። ከሰዓት በፊት የተናገርኩት ቃል ለምሳ ከተማ ገባ። በማግስቱ የደብሩ አስተዳዳሪና የመስጊዱ ሼህ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ጉዳይ፣ እኔን ሊከሱ መጥተው ኃላፊው በር ላይ ባለው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቤቱታቸው ቃል በቃል ተመሳሳይ ስለነበር ኃላፊው የሁለተኛውን ሳይጽፉ «እንደ ላይኛው» ብለው መዘገቡት። ኦቦ አማን ገብተው ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ሁለቱም እየሳቁ ወጡ፤ እኔም በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ።

ከዚያ ኦቦ አማን ጠርተው አስቀመጡኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ማይክሮስኮፕ ውስጥ አይታይም ያልሽው እውነት ነው። ግን እነሱ እዚያ ውስጥ አለ ብለውሽ ነበር?»

ርዕስ መቀየር እችልበታለሁ፤ ስለ ቧንቧው መፍሰስ አነሣሁ።

ኦቦ አማን ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ሳጉሬ ሲመለሱ ቦታቸውን እኔ ያዝኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ክሩን ማስቀረት ሆነ። ምክንያቴ ትክክል ነበር፤ ክር ደም ይይዛል፣ ደም ጀርም ይይዛል። በምትኩ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አንጠለጠልኩ፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ደብተር ላይ አለ። ታደሰና ከድር አብረው መጥተው ተቃወሙ። ስለ ባክቴሪያ ግማሽ ሰዓት አስተማርኳቸውና ተሸንፈው ሄዱ። ያመኑኝ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት ምሳ ስለደረሰባቸው ነው።

ወረቀቱ ብዙ ዓመት ሠራልኝ። ከዚያ ፋሲካና ኢድ በአንድ ሳምንት የዋሉበት ዓመት መጣ።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። የክርስቲያኑ ወገን ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ሥጋ እያለ ነው፤ የሙስሊሙ ወገን ደግሞ ረመዳን ላይ ነውና ለማፍጠሪያው ይቸኩላል። ግራውም ቀኙም ሞላ። አጣቢዎቹ ለበዓል ቀደም ብለው ስለወጡ ቱቦውን እኔ ራሴ ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ መሐለኛው ክፍል ውስጥ ሁለት በሬ ቀረ፤ አንዱ የታደሰ፣ አንዱ የከድር። መርምሬያቸዋለሁ፣ ንጹህ ናቸው። ለበዓል ነው ብዬ ከላይ እስከ ታች አጠብኳቸው። ውኃውን ስዘጋ ሁለት ነጭ ነገሮች እየተንሳፈፉ ወደ ቦዩ ሲገቡ አየሁ። ወረቀቶቼ ናቸው። ደብተሬ ላይ አሥራ አራት ቁጥር የታደሰ፣ አሥራ አምስት ቁጥር የከድር ይላል፤ በሬዎቹ ላይ ግን ምንም አይልም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። እለያቸዋለሁ ብዬ ነበር። ጭንቅላቶቻቸው ቀድመው ተነሥተዋል። ቆዳቸውን ነጋዴ ጭኖ ሄዷል። ሁለቱ አራጆችም ሄደዋል፤ ተጠርተው ቢመጡም ቆዳው የተገፈፈ በሬ ማን ይለያል? የስባቸውን ቀለም አየሁ። ጎድናቸውን ቆጠርኩ፤ የሁለቱም አሥራ ሦስት ነው፤ የበሬ ሁሉ አሥራ ሦስት ነው። አሸተትኳቸው። አዎ፣ አሸተትኳቸው! ስንት ዓመት ሙሉ ልዩነት የላቸውም ብዬ ስከራከር የኖርኩ ሴት ጎንበስ ብዬ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ልዩነት ለመንኩ። አልተገኘም። ትክክል ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ትክክል መሆን የከበደኝ ቀን የለም።

ታደሰ በግራው በር ገባ። «የእኔ የትኛው ነው?»

ከድር በቀኙ በር ገባ። «የእኔስ?»

ቀኝ እጄ ተነሣ፤ ጣቴም ተዘረጋ። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ብል ነገሩ ያልቃል። ማንም አይታመምም። ማንም አያውቅም። እኔም ብሆን አንድ ነው ያልኩት ነገር ነው፤ ለምን ይጨንቀኛል? ግን ሁለቱ ሰዎች ጣቴን ያዩ ነበር፤ ጣቴ ወዳመለከተበት ሊሄዱ ተዘጋጅተው። ከድር የሚፆም ሰው ነው፤ በደረቀ ከንፈር ነበር የሚጠብቀኝ። የኦጎልቾው ገበሬ ትዝ አለኝ። እጄ ወረደ።

«አላውቅም» አልኩ። «ወረቀቱን እኔ አጥቤ ጣልኩት። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም።»

ታደሰ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ከድር ሁለቱን በሬዎች አየ፣ እኔን አየ።

«ዶክተር፣ አንድ ነው ብለውን አልነበር እንዴ?»

«ብያችሁ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለእኔ ነው እንጂ ለእናንተ አንድ አይደለም። የሚበሉት ደግሞ የእናንተ ሰዎች ናቸው።»

«ያ ረቢ!» አለ ከድር። ሊቆጣ ይሆን ሊስቅ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ታደሰ ከባልዲው ላይ ሆኖ፣ «እኔ ደጅ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ ቆሟል። ከዱላ የሚያስጥለኝ ማን ነው?» አለ።

አቶ ፍቃዱ ተጠርተው መጡ፤ ያኔ ገና አዲስ ኃላፊ ናቸው። ሰሙና ግንባራቸውን ጠረጉ። «የጉበት ትል ብለሽ ጻፊና ይወገድ። የሃይማኖት ነገር አታንሺብኝ። የሰውን ስሜት እናክብር» አሉ።

«አቶ ፍቃዱ፣ ይሄ ጉበት እኮ ከእኔና ከእርስዎ ጉበት ይሻላል።»

«ጻፊ ነው የምልሽ!»

ቅጹን አወጣሁ። «የተወገደበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ የተዘረዘሩት በሽታዎች ብቻ ናቸው። ከሥር ባለችው ጠባብ መስመር ላይ፣ «በመርማሪዋ ስህተት የክርስቲያን ዕርድ ይሁን የሙስሊም ስላልታወቀ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚያምረውን ሥጋ ጉድጓድ አስገብቼ በገዛ እጄ ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት። አለቀስኩ። ታደሰና ከድር ከጉድጓዱ ወዲያና ወዲህ ቆመው አዩ። ሁለቱም እንደ ቀብር ባርኔጣና ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘው ስለነበር አንድ አላፊ አግዳሚ ማን እንደሞተ ጠየቀን። ካሳው እንዴት እንዳለቀ አልዘረዝርም፤ አሰልቺ ነው፤ ረጅምም ነው።

ታደሰ ለደንበኞቹ የሆነውን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ሰደቡት፣ እኔን በሌለሁበት ሰደቡኝ፣ ከዚያ በግ ፍለጋ ሮጡ። በሚቀጥለው በዓል ግን ደጁ ላይ የቆመው ሰልፍ ረዝሞ አገኘሁት።

ከበዓሉ በኋላ ሳጉሬ ሄድኩ። ኦቦ አማን አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎድን መቁጠሬ ላይ ስደርስ ሳቁ፤ ማሽተቴ ላይ ስደርስ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ኮፍያቸውን አንሥተው ደፉ።

«ክሩን ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ከእትዬ ሽመና።»

«እሱማ አዎ። ማለቴ ለምን ጀመርኩት ነው። እኔም እንዳንቺ ሁለት በሬ ጠፍቶብኝ ነበር፤ አንቺ ሳትመጪ፣ የእነ ታደሰና የእነ ከድር አባቶች ሥጋ ቤቱን በያዙበት ጊዜ። እሱም የፋሲካ ዋዜማ ነበር።»

«እና ምን አደረጉ?»

ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ጣታቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጠቆሙ። «እንዲህ አደረግኩ። እነሱም አመስግነውኝ ሄዱ። ማን ምን እንደበላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤታቸውን እንዳላምስ፣ እንዳላሳዝናቸው ነው እያልኩ ኖርኩ። ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው።»

ያ ሁሉ መታጠብ፣ ሽርጥ መቀየር፣ «እኔ ጉበት ነው የማየው» ማለት በዓይኔ ላይ ተገለበጠ። ቲያትር ነው ስላቸው ለምን እንደሳቁም ገባኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ክሩን አላስቀርም ነበር!»

«ለምን እንደማስረው ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ጀርም ይይዛል አልሽኝ እንጂ።»

ስሄድ ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል ክንዴን ያዙና፣ «ለታደሰና ለከድር ንገሪያቸው» አሉኝ። «ግን እኔ ካለፍኩ በኋላ። በቁሜ እንዳትነግሪያቸው፤ ሰላምታቸውን እወደዋለሁ።»

ሰኞ ክሩ ተመለሰ። በየቀኑ ይቀቀላል፤ ጀርሙም እውነት ነውና።

ኦቦ አማን ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ዓመት አረፉ። ከተማው ግማሹ ሳጉሬ ወርዶ ቀበራቸው፤ ታደሰ ከፊት ነበር። ከዚያ በኋላ አደራው አላስተኛኝ አለ። ሰውየው አፈር ሳይደርቅባቸው ስማቸውን ላነሣው ነው? ዝም ብልስ እኔም ጣቴን መጠቆሜ አይደል? ቀን ከቀን እያልኩ ጡረታዬ ድረስ ቆየሁ።

በሽኝቱ ዕለት ሁለት በግ ታረደ፤ ሁለት ድስት ተጣደ። ምስጋናው፣ ሳሉና ጭብጨባው ሲያልቅ ታደሰና ከድርን ጠርቼ ጥግ ይዘን ተቀመጥን፤ እነሱ ሳህናቸውን ይዘው፣ እኔ ፈርቼ። እውነት ልናገር ስል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል መረጥኩ። «ኦቦ አማን እንድነግራችሁ አዘውኝ ነበር» ብዬ ጀመርኩና ጨረስኩት።

ከድር ሹካውን አስቀመጠ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለሟቹ ዱዓ እያደረገ ነበር። ታደሰ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«አባቴ» አለ፣ «አንድ የፋሲካ ሥጋ ነበር፣ እንደሱ የጣፈጠኝ ሥጋ የለም እያለ ነው የሞተው።»

ከድር ቀና አለ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ታደሰን አየ።

«የእኔም አባት ስለ አንድ ቅዳሜ ሥጋ ያወራ ነበር» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ታደሰ ነው። ከዚያ ከድር፤ እንባው እስኪመጣ። አቶ ፍቃዱ ከሩቅ ሆነው፣ «ምን ነግራችሁ ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ማናችንም መልስ መስጠት አልቻልንም። ሲበርድልን ታደሰ ከራሱ ሳህን፣ ከድርም ከራሱ ሳህን መብላታቸውን ቀጠሉ። ማንም ለማንም አላጎረሰም። የትኛው ድስት የማን እንደሆነ ያጠራጠረው ግን አልነበረም፤ ጠዋት ከበጎቹ ጎን ቆሜ ክሮቹን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ።